ድንጋይ ተሸክሞ እድር ቤት መሄድ

ይህን የምጽፈው በየዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ወይም የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ «የማኅበረሰብ አገልግሎቱን አንተ ያዘው» ለተባላችሁ ነው። እኔም እንዲሁ ተብዬ ነው የገባሁበት። እንጀራዬ አራት ኪሎ፣ የድንጋይ ናሙና ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ድንጋይ እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ለማይክሮስኮፕ አሰናዳለሁ። መምህር አይደለሁም፣ ዶክተርም አይደለሁም። ሥራው እኔ ጋ የደረሰው የናሙና ሳጥን ማንሳት ስለማይከብደኝ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ፊት ድንጋይ ይዞ መቆም ከለመድኩ ወዲህ ግን አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፤ የትምህርት ክፍልና የሰፈር ሰው ዝምድና የሚያዛልቀው ጥያቄው ከሰፈሩ ሲመጣና በሁለቱም በኩል ስልክ የሚያነሳ አንድ አንድ ሰው ሲኖር ነው።

የመግባቢያ ሰነድ የሚባለውን ነገር አልጠላውም። መኪና ለማስፈቀድ፣ በር ለማስከፈት፣ ለሪፖርት ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁበት። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ወፍራም ሰነድ ተፈርሞ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ውሃና ኬክ ቀረበ። «በጋራ ይሠራሉ» የሚል ሐረግ በየገጹ ነበረበት፤ ማን ለማን እንደሚደውል ግን የትም አልተጻፈም። በዓመቱ የፈረሙት ኃላፊ ተዛወሩ፣ ተተኪው «እኔ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው የለም» አሉ፣ በዚያው ቀረ። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጋር ያለን ነገር ደግሞ አንድም ፊርማ የለበትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ አፈር በፌስታል ይላክልኛል። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሌላው ሰነድ የሌለው ዘመዳችን እድር ነው። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ በወር አንዴ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን አለው። እኛ ግቢ ውስጥ አዳራሽ ከፍተን ሕዝብ ብንጠራ የሚመጣው ጡረታ የወጣ መምህርና አበል ያለ የመሰለው ሰው ነው። እድር ላይ ግን ሁሉም አለ፤ መቅረት ያስቀጣላ! ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ስብሰባ አትጥሩ፣ የተጠራ ስብሰባ ፈልጋችሁ ሃያ ደቂቃ ለምኑ። ሃያ ደቂቃ ካሏችሁ ደግሞ በአሥራ አምስቱ ጨርሱ፤ ከእናንተ ቀጥሎ ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው፣ ሒሳብ ያዡም ዓይናቸው ከእናንተ ላይ አይነሳም።

እኛ የምናውቀው እድር በአራዳ በኩል የነበረ ነው። ጸሐፊው ድሮ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የሠሩ፣ እያንዳንዷን ነገር በመዝገብ የሚይዙ ጋሼ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አባላቱ ብዙዎቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ፤ ከፊሉ እዚያው አካባቢ ቀረ። እድሩ ግን አልተበተነም፤ ጋሼ መዝገባቸውን ይዘው በየሰፈሩ እየደወሉ አቆዩት። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካለው ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ በኩል የተነሳው በመጠን 4.9 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ጋሼ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ትናንት የተንቀጠቀጠው መሬቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«መሬቱ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ና። እድሩ ሊጣላ ነው።»

የጠቡ ምክንያት ደስ የሚል ነበር። አራተኛ ፎቅ የገቡት አባላት «አምፖሉ ተወዛወዘ፣ በር ተንኳኳ፣ ልጆች ይዘን ወረድን» ይላሉ። አሮጌ ምድር ቤት ውስጥ የቀሩት «ምንም አልተሰማንም፣ ፎቅ ገባን ብላችሁ ወሬ ታበዛላችሁ» ይላሉ። ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩ፣ አሁንም በአንድ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዋናው ለውጥ ከፍታው ነው። ይህን ጥያቄ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ላመጣው አልችልም ነበር።

ወርክሾፕ ውስጥ የአሮጌ ብረት መጋዝ ቅጠል አይጠፋም። ሦስቱን አንዱን አጭር፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ረጅም አድርጌ ቆረጥኩና በአንድ ጣውላ ላይ ቀጥ አድርጌ አሰርኳቸው። ጫፋቸው ላይ እኩል እኩል የሸክላ ጭቃ ለጠፍኩ። ጣውላውን በፍጥነት ሳርገበግበው አጭሩ ይንቀጠቀጣል፣ ረጅሙ እምብዛም ነው። ቀስ ብዬ ወዲያና ወዲህ ሳደርገው ረጅሙ ይወዛወዛል፣ አጭሩ ዝም ይላል። ከዚያ ቃል በቃል የነገርኳቸው ይኼ ነው፤ ፈንታሌ ከዚህ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፈጣኑ እርግብግቢት በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ቀርፋፋው ሞገድ ግን እዚህ ድረስ ይዘልቃል፣ ሲደርስም የሚያወዛውዘው ረጅሙን ሕንፃ ነው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ጣውላው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሒሳብ ያዡም ሞከሩት። በኋላ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች «ስላይዳችሁን ላኩልን» ሲሉኝ የመጋዙን ቅጠል ነው የምነግራቸው።

በታኅሣሥና በጥር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መንቀጥቀጡ በየቀኑ ሆነ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ፤ በየካቲት ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የቴሌግራም ወሬ ከመሬቱ በላይ ሰውን አናወጠው፤ «ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል፣ ውጭ እደሩ» ይላል። ስልኬ እረፍት አጣ። እዚህ ላይ ለእናንተ የምመክረው፣ ቀድማችሁ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጣችሁ የምትሉትንና የማትሉትን ተስማሙ። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነበር። ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የሚመጣ ማንኛውም ትንቢት ሐሰት ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥን በሰዓት መተንበይ የሚችል ማንም በዓለም ላይ የለም። «አይመጣም፣ አትፍሩ» ማለትም እንደዚያው ክልክል ነው፤ ያንንም አናውቅማ። የምናውቀውን እንነግራለን፤ ያኔ ከስምጥ ሸለቆው ሥር ቅልጥ ዐለት ወደ ስንጥቅ እየገባ ነበር፣ የምድሩ ሁለት ወገን በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃል፣ አንዳንዴ የዘመናቱ ድምር በአንድ ጊዜ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፍቶ፣ ስፋቱ በቦታው እስከ 8 ሜትር ደርሷል። ደግሞ መጠን 6 ከመጠን 5 «ትንሽ ይበልጣል» ማለት አይደለም፤ የሚለቀው ኃይል ሠላሳ እጥፍ ገደማ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል ብላችሁ አትፍሩ። የሚያስደነግጠው የሚደበቅበት ነገር እንዳለ ሲሰማው ነው።

ከዚያ ወደሚደረገው እንሻገራለን። ፎቅ ላይ ያለ ሰው መንቀጥቀጡ ሳያቆም ወደ ደረጃ አይሮጥ፣ ሊፍት አይግባ፣ ከመስታወት ይራቅ፣ ራሱን ሸፍኖ ጠረጴዛ ሥር ይግባ፤ ሲያቆም ይውረድ። ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ የጋዝ ሲሊንደር መዝጊያው የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። በአንዱ የእድር ስብሰባ ላይ አንድ እናት እጃቸውን አውጥተው «የእኔስ ጭቃ ቤት ነው፣ እኔን ረሳችሁኝ» አሉ። እውነት ነው፣ መመሪያው ሁሉ የተጻፈው ለፎቅ ነው። ጭቃ ቤት እንጨቱ ካልበሰበሰና ምስጥ ካልበላው እንደ ደረቅ ግንብ ቶሎ አይናድም፤ እንጨቱ ይወዛወዛል፣ ጣራውም ቆርቆሮ ስለሆነ ቀላል ነው። ስለዚህ ሥራው ከታች ነው፤ ምሰሶው አፈር የሚነካበትን ቦታ በምስማር ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት።

ያን ዕለት ግን ከእኛ ሁሉ በላይ ያስተማሩት አንዲት የይፋት ተወላጅ እማማ ናቸው። መምህራችን አዲስ አበባ መንቀጥቀጥ ብርቋ እንዳልሆነ እያስረዳ ነበር። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ በኩል የተነሳው ትልቅ መንቀጥቀጥ ከተማዋን አናውጧታል፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ በኩል ያለችው ካራ ቆሬ ተጎድታ ማጀቴ ፈርሳለች። ይህን ታሪክ ከየሰነዱ የለቀሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር እዚሁ አራት ኪሎ የተተከለውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። መምህሩ «ማጀቴ» ሲል እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። «እኔ እዚያ ነበርኩ» አሉ። ልጅ ነበሩ፤ ሌሊት ሜዳ ላይ ማደራቸውን፣ ከብቱ አልገባም ማለቱን፣ አባታቸው ግድግዳውን መልሰው ሲያቆሙ መልሶ መንቀጥቀጡን ነገሩን። ድንኳኑ ውስጥ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። መምህሩ ብልህ ነው፤ ስላይዱን ዘግቶ እሳቸውን ይጠይቅ ጀመር። መንቀጥቀጥ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንዳልሆነ፣ ተከታታይ እንዳለው እኛ በግራፍ ከምናሳየው የእሳቸው አባት ግድግዳ ይበልጣል። ከእድር ጋር ስትሠሩ ሁልጊዜ በመጀመሪያ «ይህን ያየ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ የመጣብን የተሰነጠቀ ግድግዳ ፎቶ ነው። በዋትሳፕ፣ በቴሌግራም፣ ታትሞም ሳይቀር። አብዛኛው ስንጥቅ ከፈንታሌ ጋር ዝምድና የለውም፤ የመረሬ ሥራ ነው። በቦሌና ከዚያም ወደ ደቡብና ምሥራቅ ባለው ሜዳ የሚበዛው ጥቁር አፈር ውስጥ ስሜክታይት የሚባል ማዕድን አለ፤ በክረምት ውሃ በንብርብሮቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቅና ይኮማተራል። ቀላል ቤት ከሆነ ያነሳዋል፣ መልሶም ያወርደዋል። ስለዚህ ሰው «ይኼ ከመንቀጥቀጡ ነው?» ሲል መልሳችን ጥያቄ ነው፤ በየካቲት ይሰፋል? በነሐሴ ይጠባል? ካላስተዋሉት የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር ያድርጉና ቀን ይጻፉ፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጀሶ አቡክተው ስንጥቁን አሻግረው ይለጥፉ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው፤ ከቆየ የቆመ ነው። ወጪው ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

አፈሩን ለማሳየት የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ግማሽ ድረስ አፈር፣ ከዚያ ውሃ፣ ደህና አድርጎ መናጥ፣ ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ደቃቁ ዘግየት ይላል፤ ሸክላው በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊያድር ይችላል። ሁለት ሰፈር ሁለት ጠርሙስ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ክርክሩ በራሱ ያልቃል። ጥንቃቄም አለ፤ «ቤቱ ደህና ነው» ወይም «አደገኛ ነው» የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም። ያ የስትራክቸራል መሐንዲስ ሥራ ነው፤ እኛ የአፈርና የድንጋይ ሰዎች ነን። አንድ ጊዜ ያንን ቃል የሰማ ሰው ለአከራዩም ለፍርድ ቤትም ይዞት ይሄዳል።

ስለ ወንዝ ዳር ቤቶች የሚጠይቁም አሉ፤ በተለይ በቀበናና በግንፍሌ ዳርና ዳር ያሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ ናዳ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ከዚያ አደጋ ለሰው ሁሉ የምንደግመው አንድ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ የሞቱት የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ሊያድኑ በሮጡበት ሁለተኛው ወርዶባቸው ነው። ስለዚህ እድር ውስጥ ያሉ ጎረምሶች አካፋ ይዘው ከመሮጣቸው በፊት አንድ ሰው ከላይ ያለውን ቁልቁለት እያየ የሚጮህ ይቁም።

ወደ ትምህርት ቤቶች ልሂድ። እዚህ ምክሬ አንድ ብቻ ነው፤ ከእናንተ ሳጥን በፊት የልጆቹን ድንጋይ ክፈቱ። ከጉብኝቱ አስቀድሞ መምህራቸው «ከቤት ወይም ከሰፈር አንድ ድንጋይ አምጡ» ይበላቸው። ምን ይመጣል መሰላችሁ? የኮብልስቶን ስባሪ፣ ከግንባታ ቦታ የተለቀመ ሬድ አሽ፣ የብሎኬት ቁራጭ፣ ባልጩት፣ አንዳንዴ የጀሶ ቅርጽ። በእነዚህ ብቻ የኢትዮጵያን እሳተ ገሞራ ታሪክ ማውራት ይቻላል። ባልጩት ቶሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት ነው፣ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። ሬድ አሽ ከቢሾፍቱ በኩል ካሉት ኮረብታዎች የሚመጣ፣ ጋዙ እያረፋው የተተፋ ነው። አንዲት ልጅ የአያቷን መጅ በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። ልጆቹ ሳቁባት። ማጉያ መነጽር ሰጠኋትና «ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ቀዳዳ» አለች። ቅልጥ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ የታፈነ የጋዝ አረፋ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ጠርዙ ይስላል፣ ስለዚህ እህሉን ይነክሰዋል። ቀዳዳ የሌለው ግን እየለሰለሰ ይሄድና እንደገና መወቀር አለበት። «አያቴ ይኼንን በጣም ትወደዋለች፣ ብዙ አይወቀርም ትላለች» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም፤ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሦስት መጅ መጣ።

የእኔ ድርሻ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድንጋይ በአልማዝ ምላጭ ይቆረጣል፣ አንድ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ መስታወት ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ካርቦራንደም በሚባል ጠንካራ ዱቄት እስኪሳሳ ድረስ ይፈጫል፤ 0.03 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቆማል። ያኔ ጥቁሩ ባዛልት ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ለልጆች ለማሳየት ውድ ማይክሮስኮፕ ትምህርት ቤት ድረስ መሸከም አያስፈልግም። ከተሰበረ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ የፖላራይዘር ፊልሙን፣ ብርሃን የሚያጣራውን ስስ ላስቲክ፣ ላጡት፤ ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ አንዱን ከናሙናው በታች፣ አንዱን ከላይ፤ ከሥር የስልክ ባትሪ አብሩ፣ ከላይ በሌላ ስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ይቀያየራል፤ ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ደግሞ ግራጫና ጥቁር ሰንበር ይሠራል። «ቲቸር ይኼ ፊልተር ነው?» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ለአሲድ ምርመራ ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ ይዛችሁ ክፍል አትግቡ፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ ማድረግ ይበቃል፣ ይፈላል። ጠመኔም ሞክሩ፤ ከኖራ የተሠራው ይፈላል፣ ከጀሶ የተሠራው ዝም ይላል፤ የክፍሉ ጠመኔ የትኛው እንደሆነ ልጆቹ ይወቁት።

መኪና ባልተገኘ ቀን በእግር የሚሄድ ትምህርት አለ። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሽቅብ ብትሉ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽን ሁሉም ልጅ ያውቃታል፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር መገኘቷንም አንብቧል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ግን ከአጥንቷ እንዳልተነበበ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ዕድሜዋ የታወቀው ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ነው። ወደ ታች ከሄዳችሁ ደግሞ ፍልውሃ አለ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት በፍልውሃው አጠገብ ነበር፤ ያ ውሃ ከጥልቅ ተነስቶ የሚወጣው ምድሩ የተሰነጠቀበትን መስመር ይዞ ነው። «ከተማችን ስንጥቅ ላይ ተቆረቆረች» ስትሏቸው ዕቃቸውን ይዘው ሊወጡ ይደርሳሉ፤ ወዲያው አረጋጓቸው።

ቀጨኔ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ የሄድነው ልናስተምር አልነበረም፤ አንዲት እናት በሰው በኩል «አፈር የምታውቁ ከሆነ ለምን ምጣዴ እንደሚሰነጠቅ ንገሩኝ» ብለው ልከውብን ነው። ድሮ አፈር የሚያወጡበት ቦታ ላይ ቤት ተሠርቷል፣ አሁን የሚመጣላቸው ከሌላ ቦታ ነው። ፌስታሎቹን ዘረጉልን። የእኛ ሙያ ልማድ ነውና ከአንዱ ቆንጠር አድርጌ በፊት ጥርሴ ነከስኩ፤ ደቃቅ አሸዋ ካለው ይንቀጫቀጫል፣ ንጹሕ ሸክላ ከሆነ ይለሰልሳል።

«ልጄ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ እሳቸው ያንኑ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሽተው፣ እንደ ገመድ አድልበው፣ ጣታቸው ላይ ጠመዘዙት። ጠርዙ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አሳዩኝ። «ይኼ ብቻውን አይሆንም፣ የሚያጠግበው ይፈልጋል» አሉ። እኛ በሃይላንድ ጠርሙስና በማድረቂያ ሳጥን ከቀናት በኋላ የደረስንበት እዚያው ነው፤ አዲሱ አፈር ሸክላው በዝቶ አሸዋው አንሷል፣ ስለዚህ ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል። እንግዲህ እኛ ምን ጨመርን? ከጂኦሎጂ ካርታው ላይ ተመሳሳይ አፈር ሊገኝ የሚችልባቸውን ቦታዎች አሳየን፤ ከየቦታው ናሙና አምጥተን እሳቸው በጣታቸው መረጡ። የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ሲያቀላቅሉ የሚነሳው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ መሆኑንም ነገርን፤ ውሃ ረጭቶ መፍጨት፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን። በዓመቱ ደግሞ እሳቸው ግቢያችን መጥተው ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሸክላ አስተማሩ። ጥያቄያቸው እኛን ወሰደን፣ እጃቸው እሳቸውን አመጣ።

እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር አለ። እንግዳ ፕሮፌሰር ሲመጣ የሚከፈልበት መንገድ ወለል ያለ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ስትመጣ ግን «ደረሰኝ አላቸው? የንግድ ፈቃድስ?» ይባላል። አስቀድማችሁ በዕቅዱ ላይ «የባለሙያ ክፍያ» ብላችሁ አስገቡ፣ ከፋይናንስ ጋር በምን ማስረጃ እንደሚከፈል በጽሑፍ ተስማሙ። ሰው ቀኑን ሙሉ ገበያውን ትቶ መጥቶ በምስጋና ብቻ መሸኘት ነውር ነው።

ስለ ትናንሽ ነገሮች በጥድፊያ ልጨርስ። ለትምህርት ቤት ደብዳቤ ስትጽፉ ለርዕሰ መምህሩ ይሁን፣ ግልባጭ ለሳይንስ ክበቡ ተጠሪ፤ የሚደውልላችሁ ተጠሪው ነው። በጥርና በሰኔ ፈተና አለ፣ አትሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ልጆች ከሆኑ ትምህርት ቤቱን። ጠበል ያለበት ምንጭ ላይ ናሙና ልትወስዱ ብታስቡ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ሳትነጋገሩ ዕቃ አታውጡ፤ ውጤቱም ለእነሱ ይሰጥ፣ በየቦታው አይወራ። ከምንም በላይ ደግሞ የወሰዳችሁትን መልሱ። በየሰፈሩ የምሰማው ትልቁ ቅሬታ «ፎርም አስሞልተው፣ አፈር ቆፍረው፣ በዚያው ጠፉ» ነው። መልሱ «አላወቅነውም» ቢሆን እንኳ ሄዳችሁ ንገሩ። ለዚህ ብዬ ከአንድ ተራ ደብተር በቀር ምንም አልያዝኩም፤ ማን ጠየቀ፣ ምን ወሰድን፣ መቼ መለስን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ አዲስ ቦታ አልሄድም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ነዳጅ፣ የአሽከርካሪ ውሎ አበልና የባለሙያ ክፍያ የሚጠይቀውን ዕቅድ በግንቦት ያስገባ ሰው «ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ይባላል፤ እኔ በመጋቢት ነው የማስገባው፣ በሚያዝያ ደግሞ በአካል ሄጄ ወረቀቱ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አያለሁ።